ጆሮ ላይ፣ በላውድ፣ በኤርፎን ወይስ በብሉቱዝ? የሬዲዮ ሞገድ ተጋላጭነትን ለመቀነስ የሚረዳ የንጽጽር መመሪያ

ሞባይል ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ስለ ካሜራው፣ ስለ ባትሪውና ስለ ሜሞሪው የሚያስረዳው አያጣም። ስለ ጨረሩ ሲጠይቅ ግን መልሱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «ምንም ችግር የለውም» ይባላል፣ ወይ ደግሞ ከመደርደሪያው ስር «ጨረር የሚከላከል» ስቲከር ይወጣለታል። ሁለቱም ለመወሰን አይረዱም።

እዚህ የስልክ ብራንዶችን አናወዳድርም። የምናወዳድረው ሰው በየቀኑ የሚመርጣቸውን አማራጮች ነው፦ ስልኩን ጆሮ ላይ አድርጎ ማውራት፣ ላውድ ማድረግ፣ የገመድ ኤርፎን፣ ብሉቱዝ፣ ማይፋይ (ሲም ገብቶበት ዋይፋይ የሚያሰራጭ ትንሽ ሣጥን)፣ ታብሌት፣ ሲም የሚገባበት የልጆች ሰዓት፣ ጥበቃዎችና የሆቴል ሠራተኞች የሚይዙት ዎኪ ቶኪ። ወደ ሰውነታችን የሚገባውን የሞገድ መጠን ከስልኩ ሞዴል ይልቅ አያያዛችንና ያለንበት ቦታ ኔትወርክ ይወስኑታልና።

## ስለ ጉዳቱ የሚታወቀው

የሞባይል፣ የዋይፋይና የብሉቱዝ ሞገድ የኤክስሬይ ዓይነት ጨረር አይደለም። ኤክስሬይ ኤሌክትሮንን ከአተም ነቅሎ የማውጣት አቅም አለው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ የዋይፋይ ሞገድ ግን እያንዳንዱ ፎቶን (የሞገዱ ትንሹ የጉልበት ቅንጣት) የሚይዘው ጉልበት ለዚያ ከሚያስፈልገው አንድ ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ያነሰ ነው። የተረጋገጠው ጉዳቱ ሙቀት ነው። ሞገዱ ሥጋ ውስጥ ሲመጠጥ ይሞቃል፤ በዛ ካለ ሕብረ ሕዋስን ይጎዳል።

የመመጠጡ መጠን «ኤስኤአር» ይባላል፤ የሚለካውም በዋት በኪሎግራም ነው። መላ ሰውነት 4 ዋት በኪሎግራም ገደማ ሲመጥ ሙቀቱ ወደ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጨምራል። ኢክኒርፕ የተባለው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ለሕዝቡ የፈቀደው ከዚህ 50 ጊዜ ያነሰውን፣ 0.08 ዋት በኪሎግራም ነው። ስልክ ግን የሚነካው የተወሰነ ቦታ ስለሆነ የተለየ ገደብ አለው፦ ለራስና ለደረት በ10 ግራም ሥጋ ላይ በአማካይ 2 ዋት በኪሎግራም፣ ለእጅና ለእግር 4። የአሜሪካው የመገናኛ ኮሚሽን ኤፍሲሲ ለራስና ለደረት ጠበቅ ያለ ገደብ አለው፤ በ1 ግራም ሥጋ ላይ 1.6።

ካንሰርን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ምድብ 2ቢ» ውስጥ አስገብቶታል። ትርጉሙ «ሊያስከትል ይችል ይሆናል፤ ማስረጃው ግን ውሱን ነው» ማለት ነው። በ2018 የወጣው የአሜሪካ መንግሥት የአይጥ ጥናት በወንድ አይጦች ልብ ላይ ዕጢ አግኝቷል፤ አይጦቹ ግን ለሁለት ዓመት በቀን 9 ሰዓት መላ ሰውነታቸው ለሞገዱ ተጋልጦ ነበር፤ መጠኑም ሰው ከሚፈቀድለት እጅግ የበዛ ነው። በ2024 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናው ሰፊ የጥናቶች ግምገማ በሞባይል አጠቃቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። የእኛ አቋም ይህ ነው፦ ለመደናገጥ ምክንያት የለም፤ ተጋላጭነትን በአሥር እጥፍ የሚቀንስ ነገር ያለ ወጪ ወይም በትንሽ ወጪ ሲገኝ ግን አለመጠቀም ስንፍና ነው። በተለይ ለልጆች። የራስ ቅላቸው ስስ፣ ራሳቸውም ትንሽ ስለሆነ ያው ስልክ ከአዋቂ ይልቅ የልጁ አንጎል ውስጥ ጠልቆ ይገባል።

ብዙ ሰው «ረጅም ሳወራ ጆሮዬን ያግለኛል፤ ጨረሩ ነው» ይላል። ያ ሙቀት በአብዛኛው ከባትሪውና ከፕሮሰሰሩ የሚመጣ፣ ጆሮ ላይ የተለጠፈው ስልክም አየር ስለከለከለው የሚጠራቀም ነው። ቀዝቃዛ ስልክ ብዙ ሞገድ ሊለቅ ይችላል፣ የጋለውም ትንሽ። በመዳሰስ መለካት አይቻልም።

## አማራጮቹን የምንመዝንባቸው መስፈርቶች

የማሰራጫ ኃይሉ። ትልቁ መስፈርት ይህ ነው። ስልክ ሁልጊዜ በአንድ ኃይል አያሰራጭም፤ ታወሩ ቅርብ ሲሆን ያንሾካሽካል፣ ሩቅ ሲሆን ይጮኻል። በ2ጂ የ900 ሜጋኸርዝ ስልክ በከፍተኛው 2 ዋት ያሰራጫል፤ የሚያወራው ከስምንቱ የጊዜ ክፍልፋዮች በአንዱ ብቻ ስለሆነ አማካዩ 250 ሚሊዋት ይሆናል። 4ጂ ስልክ ከፍተኛው 200 ሚሊዋት ነው። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በተግባር ግን ሰፊ ነው። 3ጂ ኃይሉን በሰከንድ 1500 ጊዜ እያስተካከለ የሚበቃውን ብቻ ይጠቀማል። 2ጂ ግን ጥሪውን በከፍተኛ ኃይል ይጀምርና ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው፤ ብዙ ጊዜም ከሚያስፈልገው በላይ ላይ ይቆያል። በአገልግሎት ላይ ባሉ ስልኮች የተደረጉ ልኬቶች በ3ጂ ሲወራ አማካይ ኃይሉ ከ2ጂ መቶ እጥፍ ገደማ እንደሚያንስ አሳይተዋል።

ርቀቱ። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው የሞገድ ጥግግት ወደ ሩብ ይወርዳል። በጣም ቅርብ በሆነ ቦታ ስሌቱ እንዲህ ቀጥተኛ አይደለም፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሴንቲሜትሮች ዋጋቸው ከሁሉም ይበልጣል። ከጆሮ 2 ሴንቲሜትር ማራቅ እንኳ ለውጥ አለው።

ጊዜው። ገደቦቹ የሚሰሉት በደቂቃዎች አማካይ ነው። ስናዳምጥ አብዛኛው ስልክ ስርጭቱን ይቀንሳል፤ ስንናገር ይጨምራል።

የተመረመረ መሆኑ። የተመሳሰለ፣ ወይም በተለምዶ ፎርጅድ የምንለው ዕቃ ላይ የታተመው ቁጥር ከሌላ ካርቶን የተገለበጠ ነው። ማንም አልለካውም።

አምስተኛ ብለን ዋጋን እንጨምራለን፤ እንደምታዩት ግን ውዱ አማራጭ የተሻለው አይደለም።

## ኔትወርክን በቁጥር ማየት

ስክሪኑ አናት ላይ ባሉት የኔትወርክ ባሮች አትመኩ፤ እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ነው የሚስላቸው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ስለ ስልኩ» ከሚለው ስር የሲም ሁኔታን ክፈቱ፤ የሲግናል ጥንካሬ በዲቢኤም ይታያል። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። በ4ጂ ከ-90 የተሻለ ከሆነ (ለምሳሌ -80) ጥሩ ነው። ከ-110 ከባሰ ስልኩ እየታገለ ነው።

አሥር ዲቢ ማለት የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያና የብረት በር ባለው ቤት ጓዳ ውስጥ -112 የሚያሳይ ስልክ መስኮቱ ጋ ሲደርስ -92 ቢያሳይ፣ የ20 ዲቢ ወይም የመቶ እጥፍ ለውጥ ነው። ስልኩ ከፍተኛው ላይ ደርሶ ከነበረ ኃይሉን እስከ መቶኛው ድረስ ለማውረድ ዕድል ያገኛል። ስልክ በመቀየር ይህን ያህል ለውጥ አይገኝም፤ አምስት እርምጃ በመራመድ ግን ይገኛል። ቆርቆሮ ሞገድን ስለሚያንጸባርቅ፣ የኮንክሪት ፎቅ ስለሚመጥ፣ ሊፍት ደግሞ የብረት ሳጥን ስለሆነ ሦስቱም ውስጥ ስልክ ይጮኻል። በሚሄድ ሚኒባስ ወይም አውቶቡስም እንዲሁ፤ የመኪናው አካል ሞገዱን ይከልላል፣ ከታወር ወደ ታወር በተቀየረ ቁጥርም ስልኩ ኃይሉን ከፍ አድርጎ ይጀምራል።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙ ሰው በግልባጩ ነው የሚያስበው። ሰፈር ውስጥ ታወር ሲተከል ይፈራል፤ ነገር ግን የአብዛኛው ሰው ትልቁ ምንጭ ጆሮው ላይ ያለው ቀፎ ነው። ታወሩ ሲርቅ ቀፎው ይበረታል።

ሌላ የሚታይ ነገር አለ። ብዙ ስልኮች ዳታ ላይ 4ጂ እያሳዩ ጥሪ ሲመጣ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳሉ። እያወራችሁ ምልክቱን እዩት። ስልካችሁና ሲማችሁ በ4ጂ ድምፅ ማስተላለፍ (ቮልቲ) የሚችሉ ከሆነ ከሲም ሴቲንጉ ውስጥ አብሩት።

## ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አነባበብ

የኤስኤአር ቁጥሩን ለማግኘት ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ *#07# መደወል ይበቃል። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ አጠቃላይ፣ ከዚያ ሕጋዊ መረጃዎች ውስጥ ስለ ሬዲዮ ሞገድ ተጋላጭነት የሚያወራ ገጽ አለ። ካገኛችሁ በኋላ ሦስት ነገር አረጋግጡ።

አንደኛ፣ ቁጥሩ በ1 ግራም ነው በ10 ግራም? ያው ስልክ በአሜሪካው መለኪያ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ቁጥር ይይዛል፤ ትንሽ ሥጋ ላይ የሚወሰድ አማካይ ጫፉን ስለማይሸፍነው ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከውን ስልክ 1.1 እና ከአውሮፓ የመጣውን 0.9 አይቶ «ሁለተኛው ይሻላል» ማለት ኪሎን ከሊትር ጋር ማወዳደር ነው።

ሁለተኛ፣ ለጆሮ ነው ለሰውነት? የሰውነቱ ቁጥር የተለካበትን ርቀት ፈልጉ። በአውሮፓ ዛሬ የሚሠራበት 5 ሚሊሜትር ነው፤ አሮጌ ስልኮች ግን በ15፣ አልፎ አልፎም በ25 ሚሊሜትር ተለክተዋል። ስልኩ በ15 ሚሊሜትር ከተፈተነና እናንተ ጡት መያዣ ውስጥ ወይም ጠባብ ሱሪ ኪስ ውስጥ ካስገባችሁት፣ ያ ቁጥር የእናንተን ሁኔታ አይገልጽም። ብረት ያለበት ከቨርም ሞገዱን ስለሚያዛባ ልኬቱን ዋጋ ያሳጣዋል።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩ የተወሰደው ስልኩ በሙሉ ኃይሉ እያሰራጨ፣ በመጥፎው አቀማመጥ ነው። ስለዚህ 0.6 ያለው ስልክ 1.2 ካለው በየቀኑ ግማሽ ያህል ያጋልጣል ማለት አይደለም። ደካማ አንቴና ያለው ስልክ ዝቅተኛ ኤስኤአር ሊኖረው ይችላል፤ ታወሩ ጋ ለመድረስ ግን ሁልጊዜ በከፍተኛው ኃይሉ ይሠራል። ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ ዝቅተኛውን መምረጥ ተገቢ ነው፤ «ሰማያዊ መልአክ» የተባለው የጀርመን የአካባቢ ጥበቃ ምልክትም ለጆሮ ዝቅተኛ ኤስኤአር ያላቸውን ብቻ ይቀበላል። ለዚህ ብሎ ግን ጥሩ ኔትወርክ የሚይዝ ስልክን መተው አይገባም።

ምርመራው በወረቀት የሚቀር እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። በሴፕቴምበር 2023 የፈረንሳይ የፍሪኩዌንሲ ኤጀንሲ አይፎን 12ን ከገበያ ገዝቶ ለካው። በ5 ሚሊሜትር ርቀት የሚወሰደው የሰውነት ልኬት ገደቡን አላለፈም፤ እጅ ወይም የሱሪ ኪስ ላይ ተነክቶ ሲለካ ግን ገደቡ 4 ሆኖ ሳለ 5.74 ዋት በኪሎግራም ተገኘ። ሽያጩ ታገደ፤ አፕልም ለፈረንሳይ የሶፍትዌር ማሻሻያ አወጣ። ያው ስልክ፤ የቀየረው 5 ሚሊሜትር ነው።

ፎርጅድ ላለመሆኑ *#06# ደውላችሁ የሚወጣውን አይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ ቁጥር) ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ካልገጠመ ኤስኤአሩን ማንበብም ትርፍ ድካም ነው።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

ስልክ ጆሮ ላይ። ዋጋ የለውም፣ ምቹ ነው፣ ከሁሉም በላይ ራስን ያጋልጣል። ጥሩ 4ጂ ባለበት ለሁለት ሦስት ደቂቃ ጥሪ የሚያሳስብ አይደለም። በደካማ 2ጂ ለግማሽ ሰዓት ማውራት ግን ከአማራጮቹ ሁሉ የከፋው የስልክ አጠቃቀም ነው። ቁጥሩን ከደወላችሁ በኋላ ወዲያው ጆሮ ላይ አታድርጉት፤ ሌላው ወገን እስኪያነሳ ጠብቁ፤ 2ጂ በሙሉ ኃይሉ የሚጮኸው ያኔ ነው። የስልኩን የታች ጠርዝ በመዳፍ አትሸፍኑ፤ በአብዛኞቹ ስልኮች ዋናው አንቴና እዚያ ነው፤ ሲሸፈን ስልኩ ኃይል ይጨምራል።

ላውድ። ነፃ ነው፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ 30 እስከ 50 ሴንቲሜትር ርቆ ሲቀመጥ የራስ ተጋላጭነት ወደ ኢምንት ይወርዳል። ችግሩ ምሥጢር አለመያዙና የሰው ሰላም መንሳቱ ነው። ላውድ አድርጎ ስልኩን አገጭ ስር ይዞ ማውራት ግን ጥቅሙን ግማሽ ያደርገዋል።

የገመድ ኤርፎን። በብር ሲመዘን የሚስተካከለው የለም። ስልኩን ከራስ ያርቃል፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ራሱ አያሰራጭም። «ገመዱ ሞገዱን ወደ ጆሮ ያመጣል» የሚባለው ሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ጥቂት በገመዱ ላይ ሊጓዝ ይችላል፤ ግን ስልኩን ጆሮ ላይ ከማድረግ በጣም ያነሰ ነው። ለዚህ ተብሎ የሚሸጠው ባለ አየር ቱቦ ኤርፎን የሚጨምረው ጥቅም ዋጋውን አያወጣም። ዋናው ስህተት ሌላ ነው፤ ኤርፎን ሰክቶ ስልኩን የደረት ኪስ ውስጥ ማስገባት። ያኔ ተጋላጭነቱ ከራስ ወደ ደረት ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም። ቦርሳ ውስጥ ወይም ጠረጴዛ ላይ ይሁን።

ብሉቱዝ። ጆሮ ውስጥ ማሰራጫ መክተት የሚያስፈራቸው ብዙ ናቸው። ቁጥሩ ግን ግልጽ ነው፦ አብዛኞቹ የጆሮ ብሉቱዞች ከ1 እስከ 10 ሚሊዋት ያሰራጫሉ፤ በደካማ ኔትወርክ የሚጮኽ ስልክ እስከ 200 እና 250። ኃይላቸው በጣም ትንሽ የሆኑ መሣሪያዎችን ኤፍሲሲ ከኤስኤአር ልኬት ነፃ ያደርጋል። ብሉቱዝ 10 ሜትር ያህል ስለሚደርስ ስልኩን ከሰውነት ማራቅ ይቀላል። በገመዱና በብሉቱዙ መካከል ለአዋቂ ምርጫው የምቾት ነው። ቀኑን ሙሉ ሰክቶ ለሚውል ሰው ግን ገመዱ ይሻላል፤ በማይወራበት ጊዜ ከሱ ምንም ስርጭት የለምና። ከሞገዱ ይልቅ ለጆሮ የሚያሰጋው የድምፁ ከፍታ መሆኑንም አትርሱ።

በዋይፋይ መደወል። ይህን ማንም እንደ መከላከያ አይቆጥረውም፤ ሊቆጠር ይገባዋል። ቤት ወይም ቢሮ ዋይፋይ ካለ በቴሌግራም፣ በዋትስአፕ ወይም በኢሞ የሚደረግ ጥሪ የሚሄደው ታወሩ ጋ ሳይሆን ራውተሩ ጋ ነው። የአውሮፓ የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ገደብ 100 ሚሊዋት ነው፤ የድምፅ ጥሪ ደግሞ የአየሩን ጊዜ በጥቂቱ ብቻ ስለሚይዝ አማካዩ ከዚያ በጣም ይወርዳል። ኔትወርክ በማይገባበት የኮንክሪት ቤት ውስጥ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ውጭ አገር ካለ ቤተሰብ ጋር ረጅም የሚያወራ ሰው ይህን ከኤርፎን ጋር ቢያጣምር የሚቀረው በጣም ትንሽ ነው።

ማይፋይና ሆትስፖት። ሁለት ማሰራጫ በአንድ ሳጥን ነው፤ ለታወሩ እስከ 200 ሚሊዋት፣ ለተጠቃሚዎቹ ደግሞ ዋይፋይ። ቪዲዮ ሲጫን ወይም የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ሲኮን ለሰዓታት ሳያቋርጥ ያሰራጫል። የአሜሪካ ልኬት የሚደረገው 10 ሚሊሜትር ገደማ ርቆ ነው፤ ኪስ ውስጥ እንዲሆን ታስቦ አይደለም። መስኮት ጋ አስቀምጡት፤ ኔትወርኩም ይሻላል፣ ባትሪውም ይቆያል፣ ከእናንተም ይርቃል።

ታብሌት። በአንቴናው አጠገብ ሰውነት ሲጠጋ ኃይል የሚቀንስ ሴንሰር ያላቸው ብዙዎቹ ናቸው። ልጅ ጭን ላይ አድርጎ ቪዲዮ የሚያይ ከሆነ ቀድሞ ማውረድና ፍላይት ሞድ ላይ ማድረግ ስርጭቱን ያቆመዋል።

ሲም ያለው የልጆች ሰዓት። ወላጆች የሚገዙት ልጁ ያለበትን ለማወቅ ነው። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ 2ጂ ብቻ ናቸው፤ ማለትም ጯሂው ዓይነት። ቦታውን በየደቂቃው እንዲልክ ከተደረገ ቀኑን ሙሉ ያሰራጫል፤ በአፑ ውስጥ ልዩነቱን ወደ 10 ወይም 30 ደቂቃ አስረዝሙት። ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ መላክ እንዲያቆም የሚያደርግ ሰዓት ካለ ያን ምረጡ። 4ጂ የሆነው ውድ ቢሆንም እዚህ ላይ ለገንዘቡ ዋጋ አለው። ማታ ከእጁ ይውለቅ።

ዎኪ ቶኪ። ሰው ስለ ስልክ ሲጨነቅ ይህን ይረሳዋል። በጥበቃ፣ በሆቴልና በግንባታ ሥራ የሚያዘው የእጅ ሬዲዮ 4 እስከ 5 ዋት ያሰራጫል፤ ከ2ጂ ስልክ አማካይ ከ15 እጥፍ በላይ ነው። የሚፈቀደው የሚያሰራጨው ቁልፉ ሲጫን ብቻ ስለሆነና ባለሙያ ሠራተኛ ከፍ ያለ ገደብ ስላለው ነው፤ ኤፍሲሲ ለሠራተኛ 8 ዋት በኪሎግራም ይፈቅዳል። ያ ገደብ የሚሠራው ግን ሠራተኛው ሥልጠና ሲያገኝ ነው። ሬዲዮው ቀጥ ብሎ፣ ከአፍ ቢያንስ 2.5 ሴንቲሜትር ርቆ፣ አንቴናው ፊትን ሳይነካ መያዝ አለበት። ከመናገር ማዳመጥ ቢያንስ እኩል ይሁን። አብዛኞቹ ኃይል መቀነሻ አላቸው፤ በአንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ 1 ዋት ይበቃል። የትከሻ ማይክ ሲሰካ ሬዲዮው ወገብ ላይ እያሰራጨ መሆኑ ይታወቅ፤ ከአምራቹ ማንጠልጠያ ሌላ አትጠቀሙ። አውሮፓ ያለ ፈቃድ የሚሠሩት የ446 ሜጋኸርዝ ሬዲዮዎች 0.5 ዋት ብቻ ናቸው፤ ለአጭር ርቀት እነሱን የሚያህል የለም።

ስቲከር፣ ሐብልና «ፀረ 5ጂ» ዕቃ። አትግዙ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ካስጠነቀቀ ቆይቷል፤ ስቲከሩ ሞገዱን ከከለከለ ስልኩ ታወሩ ጋ ለመድረስ ኃይሉን ይጨምራል፣ ካልከለከለ ደግሞ ምንም አልሠራም። ሐብሎቹ የባሱ ናቸው። በዲሴምበር 2021 የኔዘርላንድ የኑክሌር ደህንነት ባለሥልጣን ከ5ጂ ይከላከላሉ የተባሉ አሥር ምርቶችን መርምሮ ራሳቸው ራዲዮአክቲቭ ሆነው አግኝቷቸዋል። የልጆች የእጅ አምባርም ነበረበት። ከማያስፈራው ሞገድ ሸሽቶ አተም የሚሰብረውን አንገት ላይ ማሰር ማለት ነው።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የማሰራጫ ኃይል | ከራስ ያለው ርቀት | ወጪ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|
| ጆሮ ላይ፣ 2ጂ | በአማካይ እስከ 250 ሚሊዋት | የለም | የለም | አስቸኳይና አጭር ጥሪ |
| ጆሮ ላይ፣ ጥሩ 4ጂ | እስከ 200፤ በተግባር በጣም ያነሰ | የለም | የለም | የተለመደ አጭር ጥሪ |
| ላውድ | እንደ ስልኩ | 30–50 ሴ.ሜ | የለም | ቤት፣ ብቻን ሲኮን |
| የገመድ ኤርፎን | ራሱ አያሰራጭም | 50 ሴ.ሜ እና በላይ | ዝቅተኛ | ረጅም ጥሪ |
| ብሉቱዝ | 1–10 ሚሊዋት | ጆሮ ውስጥ | መካከለኛ | በሥራ ላይ እጅ ሲያዝ |
| በዋይፋይ መደወል | እስከ 100፤ አማካዩ በጣም ያነሰ | እንደ አያያዙ | ዋይፋይ ካለ የለም | ኔትወርክ የማይገባበት ቤት |
| ማይፋይ | እስከ 200፣ ዋይፋዩ ሲደመር | 1 ሜትር ይሁን | መካከለኛ | ጠረጴዛ ወይም መስኮት ላይ |
| የልጆች ሰዓት | እንደ 2ጂ ወይም 4ጂ ስልክ | እጅ ላይ | መካከለኛ | 4ጂ የሆነው ብቻ |
| ዎኪ ቶኪ | 4–5 ዋት | ቢያንስ 2.5 ሴ.ሜ | ከፍተኛ | የሠለጠነ ሠራተኛ |
| ስቲከር፣ ሐብል | — | — | የባከነ | ለማንም አይሆንም |

## ለማን የቱ?

ቀኑን ሙሉ በስልክ ለሚነግድ ሰው የገመድ ኤርፎን ይግዛ፤ ሲበጠስ የሚተካ ሁለተኛ ደግሞ መሳቢያው ውስጥ ይኑረው። ስልኩ ባንኮኒው ላይ ይሁን። ሱቁ ከቆርቆሮ የተሠራ ከሆነ በሩ አጠገብ ያለውን ዲቢኤም ከውስጡ ጋር አወዳድሮ የተሻለው ቦታ ላይ ያስቀምጠው።

2ጂ ብቻ በሚደርስበት ገጠር የስልኩ ዓይነት ብዙም ለውጥ አያመጣም። ላውድ ነፃ ነው፤ ከፍ ወዳለ ቦታ ወጥቶ መደወል ደግሞ ድምፁንም ያጠራዋል። ሊባል የሚችል ነገር በአጭር መልእክት ይላክ።

ልጅ ያላቸው ከሁሉ በፊት ጥሪውን በላውድ የማድረግ ልማድ ያስተምሩ። ቤልጂየም ከ2014 ጀምሮ ለትንንሽ ልጆች የተሠሩ ሞባይሎች እንዳይሸጡ ያገደችው በጥንቃቄ እንጂ በተረጋገጠ ጉዳት አይደለም፤ ጥንቃቄው ግን ምክንያት አለው። ሕፃን አቅፎ ስልኩን በራስና በሕፃኑ ጆሮ መካከል ይዞ ማውራት ይቅር።

ስልክ ትራስ ስር አድርጎ ለሚተኛ ሰው፣ ሥራ የፈታ ስልክ የሚያሰራጨው አልፎ አልፎ ነው፤ ዳታ ከበራ ግን አፖቹ ሌሊቱን ይላላካሉ። ፍላይት ሞድ ይበቃል፤ ማንቂያው ሰዓት ይሠራል። ቻርጅ ላይ ሆኖ ትራስ ስር ማስገባት ግን በፍጹም አይሆንም፤ እዚያ የሚያሰጋው ሞገዱ ሳይሆን የሚግለው ባትሪ ነው።

ለቤተሰብ ስልክ ከውጭ ለሚልክ ሰው ኤስኤአሩን ከማነጻጸር በፊት ስልኩ በአገር ቤት የሚሠራባቸውን የ3ጂና የ4ጂ ባንዶች (የሞገድ ክልሎች) ያረጋግጥ። ባንዱ ያልገጠመ ውድ ስልክ ወደ 2ጂ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ካርቶኑ ላይ ያለው ዝቅተኛ ቁጥር የሚጠቅመው ነገር የለም።

ፔስሜከር ወይም ልብ ውስጥ የተተከለ ሌላ መሣሪያ ያለበት ሰው ምርጫው የተለየ ነው፤ ለእርሱ የሚያሰጋው ሙቀት ሳይሆን ሞገዱና ማግኔቱ መሣሪያውን ማወካቸው ነው። ስልኩ ከተተከለበት ቦታ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ በማግኔት የሚጣበቁ ስልኮች ያለ ገመድ ቻርጅ እየተደረጉ ከሆነ 30 ሴንቲሜትር። የደረት ኪስ አይሆንም። የሚያወራው ከተተከለበት በተቃራኒ ባለው ጆሮ ይሁን። የብሉቱዝ ኤርፎን ማስቀመጫ ሣጥንና አንዳንድ የሰዓት ማሰሪያዎች ማግኔት ስላላቸው እነሱም የሸሚዝ ኪስ ውስጥ አይግቡ፤ ዎኪ ቶኪ መያዝ ያለበት ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ሬዲዮውን ከመረከቡ በፊት የመሣሪያውን መታወቂያ ካርድ ይዞ ሐኪሙን ያማክር።